ስማቸው ያልተጻፈ ጣቶች

አንድ የሙዚቃ ሸክላ በእጁ ያነሣ ሰው በመካከሉ በተለጠፈችው ክብ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ያነባል፤ የዘፈኑን ርእስ፥ የዘፋኙን ወይም የሙዚቃውን ጓድ ስም፥ ያሳተመውንም ኩባንያ ምልክት። ከርእሱ ሥር በትንንሽ ፊደል የደራሲው ስም ይታከላል፤ ይህም የሚሆነው ሸክላው በተሸጠ ቍጥር ድርሻው ስለሚታሰብለት ነው። ነገር ግን ዘፋኙ ዝም ባለ ጊዜ ከግጥሙ መካከል ብድግ ብሎ ብቻውን የሚናገረው ጊታር የማን እንደ ሆነ ወረቀቲቱ ብዙ ጊዜ አትናገርም። ዛሬ ለአንባቢ ላወጋ ያሰብሁት ስለዚሁ ስለ ጊታሩ ባለቤት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ማድመጥ የጀመርሁት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። የእንግሊዝኛ ትምህርቴ ያን ጊዜ የዘፈን ቃል ለመከተል የሚበቃ ስላልነበረ፥ ዘፋኙ የሚለውን ትቼ ጊታሩ የሚለውን መስማት ልማድ ሆነብኝ። ይህም ዛሬ ሳስበው ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነበረ እላለሁ፤ ቃሉ የገባው ሰው ጆሮው ወደ ቃሉ ማድላቱ አይቀርምና። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ሥራ ተቀጥሬ ከደመወዜ ጥቂት መቈጠብ ስችል፥ አሮጌ ሸክላና ካሴት፥ ስለ ሙዚቃም የተጻፉ መጻሕፍት እየፈለግሁ እገዛ ጀመር። የምፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ ይህን የተጫወተው ማን ነው? መልሱን ባገኘሁ ቍጥር፥ በሽፋኑ ላይ ፎቶግራፉ ከታተመው ሰው ሌላ፥ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ሰው ከበስተኋላ ብቅ ሲል አየሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዳኒ ሴድሮን ልናገር። ይህ ሰው በፊላደልፊያ ከተማ የሚኖር ጊታር ተጫዋች ሲሆን የራሱ የሆነ ትንሽ ጓድም ነበረው። ቢል ሄይሊ የተባለው ዘፋኝ ሸክላ ለማስቀረጽ ባሰበ ጊዜ ያስጠራዋል፤ እርሱም ሥራው ሲፈጸም የቀን ዋጋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ1952 «ሮክ ዘ ጆይንት» በተባለው ዘፈን ላይ አንድ እጅግ ፈጣን የጊታር ጨዋታ ተጫውቶለት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ12 ኤፕሪል 1954 ሄይሊና ጓደኞቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ፒቲያን ቴምፕል በሚባለው ሕንፃ ለዴካ ኩባንያ ሁለት ዘፈን ሊቀርጹ ገቡ። የተሳፈሩበት የወንዝ ጀልባ በአሸዋ ላይ ስለ ተቀመጠ የደረሱት ዘግይተው ነው ይባላል። ከተፈቀደላቸውም ሰዓት አብዛኛውን የመጀመሪያው ዘፈን ወሰደው። ለሁለተኛው የቀረው ጊዜ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ሁለት ጊዜ ብቻ ተጫውተው ቀረጹት። ሴድሮንም አዲስ ነገር ሳይፈልግ ያንኑ የ1952ቱን ጨዋታ ደገመው። ይኸው ሁለተኛ ዘፈን «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ» ነው።

የጊታሩ ጨዋታ ሃያ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ አንዱን ድምፅ ደጋግሞ እንደ መዶሻ ይመታል፤ ከዚያ ጣቶቹ ከላይ እስከ ታች ሲወርዱ እህል ከስልቻ እንደሚፈስ ያለ ድምፅ ይሰማል። ብዙ ጊታር ተማሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ ይህን መውረድ ለማጥናት ሲቸገሩ ይታያሉ። ለዚያ ቀን ሥራ የተከፈለው ዋጋ 21 ዶላር እንደ ነበረ ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ።

ሸክላው በሜይ ወር ሲወጣ ዘፈኑ የተቀመጠው በጀርባው በኩል ነበረ፤ ገበያውም የሚያስደንቅ አልሆነም። በ17 ጁን 1954 ሴድሮን ከደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 33 ነበረ። በ1955 «ብላክቦርድ ጃንግል» የተባለው ፊልም ይህንኑ ዘፈን በመክፈቻው ላይ ባሰማ ጊዜ ወጣቱ ሁሉ ተነሣ፤ ዘፈኑም በጁላይ ወር በአሜሪካ የአንደኝነትን ስፍራ ያዘ፤ በዓለም ላይም የሮክ ሙዚቃ መታወቂያ ሆነ። በሚከተለው ዓመት ሄይሊና ጓዱ በዚያው በዘፈኑ ስም በተጠራ ፊልም ላይ ሲታዩ፥ በምስሉ ላይ ጊታር ይዞ የሚታየው ሌላ ሰው ነው፤ የሚሰማው ግን የሟቹ ጣት ነው። እኔም አሁን በዚያው ዕድሜ አካባቢ የምገኝ ስለ ሆንሁ፥ የዚህን ሰው ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት መቀመጥ ግድ ይሆንብኛል። ስሙ አለመጻፉ ብቻ አይደለም የሚያሳዝነኝ፤ የሠራው ነገር ምን እንደ ሆነ ራሱ ሳያውቀው መቅረቱ ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት ነገሩ ከአንድ ሰው ዕድል አልፎ የታወቀ ሙያ ሆነ። በሎስ አንጀለስ፥ በዲትሮይት፥ በለንደንም ከስቱዲዮ ወደ ስቱዲዮ እየዞሩ በሰዓት የሚሠሩ ተጫዋቾች ነበሩ። በሎስ አንጀለስ አንድ የሥራ ክፍለ ጊዜ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዋጋው በሙዚቀኞች ማኅበር የተወሰነ ነው። ተጫዋቹ ይገባል፤ ኖታውን ይመለከታል፤ አንዳንድ ጊዜም ኖታ የሚባል ስለማይቀርብለት የሚጫወተውን እዚያው ከራሱ ይፈጥራል፤ ከዚያም ክፍያውን በወረቀት አስመዝግቦ ወደ ሌላው ስቱዲዮ ይሄዳል። ኩባንያዎቹ ይህን የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። የስቱዲዮ ሰዓት ውድ ነው፤ መልካቸው አምሮ ድምፃቸው ሰምሮ ጣታቸው ገና ያልተፈታ ወጣቶች ደግሞ አንድ ዘፈን ለመቅረጽ ቀኑን ሙሉ ይፈጃሉ።

«ዘ በርድስ» የተባለው ጓድ በጃንዋሪ 1965 «ሚስተር ታምበሪን ማን»ን ሲቀርጽ፥ ከጓዱ አባሎች መሣሪያ የተጫወተው ሮጀር ማግዊን ብቻ ነበረ፤ የቀረውን የቅጥር ተጫዋቾች ሞሉት። ለቴሌቪዥን ትርኢት ተመርጠው የተሰበሰቡት አራቱ «ዘ ሞንኪስ» በ1966 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው በመሣሪያ በኩል ከሞላ ጐደል የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው። «ላስት ትሬን ቱ ክላርክስቪል» በተባለው ዘፈን ላይ ያንን የሚያንቈረቍር ጊታር የተጫወተው ሉዊ ሼልተን ነው። በ1967 መጀመሪያ ይህ በአደባባይ በታወቀ ጊዜ ብዙ ሰው ተቈጣ። ከአራቱ አንዱ ማይክል ኔስሚዝ ነገሩን ለጋዜጠኛ አውጥቶ የተናገረ ራሱ ስለ ነበረ፥ እኔ ለእርሱ አክብሮት አለኝ። ሕዝቡ በወጣቶቹ ላይ ሲቈጣ ስለ ተጫዋቾቹ ማንነት የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

እነዚህ የሎስ አንጀለስ ተጫዋቾች ዛሬ «ዘ ሬኪንግ ክሩ» በሚል ስም ይጠራሉ። ስሙን ያስፋፋው በ1990 መጽሐፍ ያሳተመው ድራም መቺው ሃል ብሌን ነው። ከመካከላቸው ቶሚ ቴዴስኮ የተባለው ጊታር ተጫዋች በ1997 ከሞተ በኋላ፥ ልጁ ስለ አባቱና ስለ ባልንጀሮቹ የሚተርክ ፊልም ሠርቶ በ2008 አሳየ፤ ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ ለሚሰሙት ዘፈኖች የሚጠየቀው የፈቃድ ክፍያ ከባድ ስለ ነበረ ፊልሙ ለሰፊው ሕዝብ የቀረበው በ2015 ነው። የተጫዋቹ ልጅ አባቱ የተጫወተውን ለማሰማት ለሌላ ሰው መክፈል ነበረበት ማለት ነው። በጊታር ጀምራ በቤዝ ጊታር የታወቀችው ካሮል ኬይ ደግሞ «ሬኪንግ ክሩ» የሚለውን ስም ከቶ አትወደውም፤ በ2025 የሮክ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ሊያስገባት በመረጣት ጊዜም ክብሩን አልቀበልም ብላለች። በዚህች ሴት ጠባይ የሚስቁ አሉ፤ እኔ አልስቅም።

የመዝገብ ቤት ሰው ስለ ሆንሁ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። የነዚህ ሰዎች ስም ዛሬ ሊታወቅ የቻለው በአብዛኛው የሙዚቀኞች ማኅበር ስለ ክፍያ ያስሞላው ቅጽ በመገኘቱ ነው። ቀኑ፥ ስቱዲዮው፥ የተጫዋቹ ስምና የተከፈለው ገንዘብ ተጽፎበታል። ሸክላው የደበቀውን የሒሳብ ወረቀት ገለጠው። መዝገብ አቧራ ብቻ ነው ለሚሉ ሁሉ ይህን ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ይህን ሁሉ በዕድሜ ለሚበልጡኝ ባልደረባዬ በምሳ ሰዓት አጫወትኋቸው። እርሳቸውም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፥

«ልጄ፥ ግንበኛ በሠራው ግድግዳ ላይ ስሙን ይጽፋልን? ሠራ፥ ተከፈለው፥ ሄደ» አሉኝ።

«ጋሼ፥ ግንበኛው ከሄደ በኋላ ሌላው ሰው ከግድግዳው ፊት ቆሞ ‘የገነባሁት እኔ ነኝ’ እያለ ቢሞገስበትስ?» አልሁ።

«አንተስ በቀን ስንት ደብዳቤ ታረቃለህ? በማን ስም ነው የሚወጣው?»

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ሳስብበት ሰነበትሁ። በእርግጥም በቀን ስድስት ሰባት ደብዳቤ አረቃለሁ፤ አንዱም በስሜ አይወጣም። አንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሦስት አራት ጊዜ አፍርሼ ሠርቼዋለሁ፤ ሲነበብ ግን የሚመሰገነው የፈረመው ሹም ነው። ይህ ቅር አያሰኘኝም፤ ደብዳቤው የሚናገረው በመሥሪያ ቤቱ አፍ ነውና፥ ተቀባዩም የእኔን ልብ ሊያይበት አይፈልግም። ደግሞም በእኛ ክፍል በሚቀረው ቅጅ ግርጌ የአርቃቂው የስም ምልክት ይቀመጣል። የጊታር ጨዋታ ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይደለም። አድማጩ የሚወድደው በውስጡ የአንድን ሰው ልብ ስላገኘበት ነው፤ ፍቅሩንም ለዚያ ሰው ሊሰጥ ይፈልጋል። አድራሻው ከተለወጠበት ግን ፍቅሩ ወደ ማይገባው ሰው ይሄዳል። ይህን ለባልደረባዬ ብነግራቸው «እንግዲህ ይህ የወጣት ነገር ነው» ብለው ቡናቸውን ጠጡ።

ስም የተሰወረበት ሁሉ ግን በደል ነው ማለት አይደለም። ጆርጅ ሃሪሰን በ1968 «ሁዋይል ማይ ጊታር ጀንትሊ ዊፕስ» የተባለውን ድርሰቱን ሲቀርጽ ሌሎቹ የቢትልስ አባሎች ልባቸውን አልሰጡትም ነበር። ስለዚህ ወዳጁን ኤሪክ ክላፕተንን በመኪና ሲወስደው ሳለ እንዲጫወትለት ለመነው። ክላፕተን፥ በቢትልስ ሸክላ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተለመደም ብሎ አመነታ፤ ሃሪሰን ግን ዘፈኑ የእኔ ነው ብሎ ረታው። በ6 ሴፕቴምበር ክላፕተን ስቱዲዮ ገባ። እንግዳ ሰው ቤት ሲገባ ቤተ ሰቡ ጠባዩን እንደሚያሳምር ሁሉ፥ በእርሱ መምጣት የሌሎቹም አያያዝ መስተካከሉን ሃሪሰን ከዓመታት በኋላ ተናግሯል። በሽፋኑ ላይ የክላፕተን ስም የለም። ከዚያ በኋላ ሃሪሰን ብድሩን ሲመልስ፥ ክሪም ለተባለው ለክላፕተን ጓድ «ባጅ» በተባለው ዘፈን ላይ ጊታር ተጫወተ፤ ከየኩባንያቸው ጋር የገቡት ውል ስላላስቻለ በሽፋኑ ላይ የታተመው በጣልያንኛ «ላንጄሎ ሚስቴሪዮሶ» ማለትም «ምስጢራዊው መልአክ» የሚል ነው። ይህ በእኩዮች መካከል የተደረገ ጨዋታ ነው፤ ማንም አልተጐዳበትም። ስም ያለው ሰው ስሙን መደበቅ ይችላል። ስም የሌለው ግን የሚደብቀው ነገር የለውም።

ከዚህ ሌላ የሆነው የስቲቭ ሃንተርና የዲክ ዋግነር ነገር ነው። ኤሮስሚዝ የተባለው ጓድ በ1974 «ጌት ዩር ዊንግስ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ፥ «ትሬን ኬፕት ኤ ሮሊን» በተባለው ዘፈን ላይ የሚሰማውን መሪ ጊታር የተጫወቱት እነዚህ ሁለት የቅጥር ሰዎች ናቸው፤ በሽፋኑ ላይ ግን አልተጻፉም። ሰው ሁሉ የጓዱ የራሱ ጊታር ተጫዋቾች ሥራ መስሎት ለዓመታት አደነቀ። ዋግነር በ1976 ደግሞ ኪስ በተባለው ጓድ «ዲስትሮየር» አልበም ውስጥ «ስዊት ፔን» በተባለው ዘፈን ላይ፥ ስሙ ሳይጠቀስ፥ በጓዱ ተጫዋች በኤስ ፍሬሊ ፈንታ ተጫወተ። እዚህ ላይ የተጐዱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሠርቶ ስሙን ያጣ ነው፤ ሁለተኛው ሳይሠራ ስሙ የተለጠፈበት ነው፤ ፍሬሊ የእርሱ ጨዋታ መቀየሩን ያወቀው ሸክላው ከተጠናቀቀ በኋላ ሲሰማ ነውና። በ2012 አልበሙ እንደገና ሲታተም የፍሬሊ የመጀመሪያ ጨዋታ ተመልሶ እንዲሰማ ተደረገ። ሁለቱን አስተያይቼ ሰምቻቸዋለሁ፤ የዋግነር ይሻላል። ይህን ማለቴ ግን የተደረገውን ትክክል ነው ለማለት አይደለም።

ዝምታ ደግሞ ሌላ ጠንቅ አለው፤ ሐሜት ይወልዳል። ኪንክስ የተባለው የእንግሊዝ ጓድ በ1964 «ዩ ሪሊ ጋት ሚ»ን ሲቀርጽ ጊታር የተጫወተው የ17 ዓመቱ ልጅ ዴቭ ዴቪስ ነው። የድምፅ ማጕያውን ወረቀት በምላጭ ሰንጥቆ ያንን የሚሻክር ድምፅ ያገኘው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ጂሚ ፔጅ በዚያ ዘመን በለንደን ስቱዲዮዎች ሁሉ በቅጥር የሚሠራ ስለ ነበረ፥ ኋላም ሌድ ዜፕሊንን አቋቁሞ ስመ ጥር ስለ ሆነ፥ ጨዋታው የፔጅ ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ ለብዙ ዓመታት ቆየ። ፔጅ ራሱ እኔ አይደለሁም እያለ እንኳ ወሬው አልቆመም። ኩባንያዎች የሠሩትን ሰዎች ስም መጻፍ ልማድ ቢያደርጉ ኖሮ፥ ያ ልጅ የገዛ ጣቱን ሥራ የኔ ነው እያለ ሲከራከር ባላረጀም ነበር።

ወደ ፍርድ ቤት የሄደም አለ። ክሌር ቶሪ የተባለች ድምፃዊት በ1973 ለፒንክ ፍሎይድ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» አንድ ምሽት ያለ ቃል በድምፅዋ ብቻ የዘፈነችው 30 ፓውንድ ተከፍሏት ነው። በ2004 ከሰሰች፤ በ2005 ተስማሙ፤ ከዚያም ወዲህ ስሟ ከደራሲው ስም ጋር አብሮ ይጻፋል። ለዚህ 32 ዓመት አስፈለገ።

የአገራችንን ካሴቶችና ሸክላዎች ነገር ሆን ብዬ አላነሣሁም፤ ለብቻው የሚጻፍ ነውና በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። በሣጥኔ ውስጥ ባሉት ካሴቶች ሽፋን ላይ ግን ከዘፋኙ ፎቶግራፍ በታች የተጫዋቾቹን ስም ባወቅሁት መጠን በእርሳስ መጻፍ ጀምሬአለሁ።

የቀረኝ የዲትሮይት ነገር ነው። ሞታውን የተባለው ኩባንያ በዚያች ከተማ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ባሰናዳው ስቱዲዮ የቀረጻቸው ዘፈኖች ዓለምን ሞልተውት ሳለ፥ «ፈንክ ብራዘርስ» የሚባሉት ተጫዋቾች ስም በሸክላዎቹ ላይ አይታተምም ነበር። በሽፋን ላይ በዝርዝር የወጣው በ1971 በማርቪን ጌይ «ሁዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ነው። በ1972 ኩባንያው ዋና ሥራውን ወደ ሎስ አንጀለስ አዛወረ፤ ተጫዋቾቹም ተበተኑ። የቤዝ ጊታር ሊቅ የነበረው ጄምስ ጀመርሰን፥ ኩባንያው በ1983 የ25ኛ ዓመት በዓሉን ባከበረ ጊዜ፥ እንደ ማንኛውም ተመልካች ትኬት ገዝቶ ከሰገነት ላይ ተመለከተ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ሞተ። በ2000 የክብር አዳራሹ ለአጃቢ ተጫዋቾች አዲስ ክፍል ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ እርሱ ነበረ።

በ2002 ስለ እነዚህ ሰዎች «ስታንዲንግ ኢን ዘ ሻዶውስ ኦቭ ሞታውን» የሚል ፊልም ወጣ። ጊታር ተጫዋቹ ሮበርት ዋይት ግን በ1994 ስለ ሞተ ፊልሙን አላየውም። ቴምፕቴሽንስ በ1964 መጨረሻ ያወጡትን «ማይ ገርል»ን የሚከፍተው፥ ሕፃን እንኳ ሰምቶ የሚያዜመው፥ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ የሚወጣው የጊታር ድምፅ የእርሱ ነው። የፊልሙ መነሻ የሆነውን መጽሐፍ በ1989 ያሳተመው አላን ስሉትስኪ እንደ ተረከው፥ ሁለቱ በአንድ ምግብ ቤት ተቀምጠው ሳለ ይኸው ዘፈን ይሰማ ጀመር። አሳላፊው ትእዛዝ ሊቀበል ቀርቦ ነበር። ዋይት ፊቱ በርቶ «ይህን የምትሰማውን...» ብሎ ሊነግረው ከጀመረ በኋላ ቃሉን ዋጠና ምግቡን አዘዘ። አሳላፊው ከሄደ በኋላ ስሉትስኪ ለምን እንዳልነገረው ቢጠይቀው፥ የማያምነኝ ስለ መሰለኝ ነው፥ የሚዋሽ ሽማግሌ ቂል ብሎ ያስበኝ ነበር ሲል መለሰለት።